ጠመንጃውን ማን ይጠግነው ነበር?

ባለፈው ወር ዓርብ ኸይጣን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ይህቺን ጋዜጣ የምታዘጋጀው እህታችን «አንቺ ታሪክ ማንበብ ትወጃለሽ፣ እስቲ አንድ ነገር ጻፊልን። ስለ ኢቃማና ስለ ዕቁብ ብቻ ሲጻፍ ሰው ሰለቸው» አለችኝ። «ስለ ጠመንጃ ልጻፍ?» ስላት ቡናው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ። የቤት ሠራተኛና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው? አገናኛቸው እንጂ። ታገሱኝ፣ እነግራችኋለሁ።

የምሠራበት ቤት ዲዋንያ ውስጥ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አራት ዓመት ሙሉ አቧራውን ጠርጌለታለሁ፣ ግን ለእኔ ከመብራቱና ከሥዕሉ የተለየ ነገር አልነበረም። አንድ ማታ ሻይ ይዤ ስገባ ባባ ጠመንጃውን አውርዶ ለእንግዶቹ ያሳያል። የጎኑን እጀታ ወደ ላይ አነሳና ወደ ኋላ ስቦ ከውስጡ አንድ የሚያብረቀርቅ ረጅም ብረት መዝዞ አወጣ። እኔ ሻዩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያን ብረት አውቀዋለሁ! አያቴ ቤት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው እሱ ነው። ባባ አየኝና «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «አያቴም አለው» አልኩት። እንግዶቹ ሳቁ። «ብርኖ?» አለኝ። «ቤልጅግ» አልኩት።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። ብርኖ የቼክ አገር ከተማ ነው፣ የጠመንጃ ፋብሪካ የነበረበት። ቤልጅግ ደግሞ ቤልጅየም ማለት ነው። ሁለቱም ፋብሪካዎች የጀርመኑን የማውዘር አሠራር ወስደው የሠሩት ስለሆነ ወንድማማች ናቸው ማለት ይቻላል። በዚህ አካባቢ ሰው የፋብሪካውን ከተማ ስም ለጠመንጃው ሰጠው፣ የእኛ ሰው የአገሩን ስም ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ያዘኝ። የሆነውም አባቴ በዚያው ሰሞን ደውሎ ገንዘብ ስለጠየቀኝ ነው። የአያቴ ቤልጅግ መዝጊያው አርጅቶ አልተኩስ ብሏል፣ ለአጎቴ ተዝካር እንዲተኮስበት «ብየዳ ቤት ወስጄ ላስበይደው» አለኝ። አገራችን ለቅሶና ሠርግ ያለ ተኩስ አይሆንም፣ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ማወቅ ፈለግሁ፦ ያ ብረት ሲያረጅ በትክክል የሚጠገነው እንዴት ነው? ድሮስ ማን ነበር የሚጠግነው?

ያደግሁት ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ጋፋት ከከተማው ብዙም አይርቅም። ስምንተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን በእግር ወስዶን «ሴቫስቶፖል የተሠራው እዚህ ነው» ብሎ አሳየን። ዐፄ ቴዎድሮስ የፈረንጅ ሚሲዮናውያን ባለእጆችን እዚያ አስቀምጠው መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሰዎቹ የመጡት ለስብከት ነው፣ መድፍ ሠርተው አያውቁም። «አንችልም» ሲሉ ንጉሡ አልሰማም አሉ፣ እየወደቁ እየተነሡ ተማሩት። በመጨረሻ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴቫስቶፖልን አወጡ። ያ መድፍ እስከ መቅደላ ተራራ ድረስ ተጎተተ፣ ዛሬም እዚያው አለ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያኔ መምህራችን ያልነገረን አንድ ነገር አለ፣ እኔም የገባኝ እዚህ ኩዌት ተቀምጬ ነው።

እስከዚያ ዘመን በአገራችን የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱም አረሩም በፊት ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል። የኋላው ድፍን ነው። መዝጊያ የሚባል ነገር የለውም! ስለዚህ ቢበላሽም የሚበላሸው መዶሻው፣ ሞላው ወይም እንጨቱ ነው። ይህን ደግሞ የሰፈር ቀጥቃጭ በወናፍና በሞረድ ይችለዋል። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲመጡ ግን ስናድር ይዘው መጡ። ስናድር ከኋላው ተከፍቶ የሚጎርስ፣ ጥይቱ ከነቀለሁ አንድ ላይ የሆነ ጠመንጃ ነው፣ በጦርነትም የተፈተነው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አሮጌ ላይ በዋለው ውጊያ ከቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ቴዎድሮስ ለዓመታት መድፍ ማሠራት ላይ ሲደክሙ ዓለም ወደ መዝጊያው ሄዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ወደ አገራችን ጎረፈ። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ደግሞ ከታጁራና ከኦቦክ በግመል አስመጡ። ገጣሚው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚሆን አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ደርሷል። ያመጣው አውሮፓ የጣለውን ነበርና ምኒልክ ዋጋውን ቆራርጠው ገዙት፣ ራምቦም ሲያማርር ኖረ። (አሮጌ ዕቃ ለእኛ መሸጥ ያኔም ነበር፣ አሁንም አለ። የጁሙዓ ገበያን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።)

ከሁሉም የበዛው ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ነው፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ለበልን ሲሠሩ ውጅግራው ተረፋቸውና በጅቡቲ በኩል ሸጡት። በአድዋ ጊዜ ብዙው ሠራዊት የያዘው እሱን፣ ሬሚንግተንንና ከራሷ ከጣሊያን የተገኘውን ነበር። ጣሊያኖቹ ምኒልክን ወዳጅ ሊያደርጉ ሲፈልጉ ጠመንጃ ሰጥተው ነበር፣ ያ ጠመንጃ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ እነሱው ዞረ።

አሁን ወደ መዝጊያው ልግባ። አንዳንዶቻችሁ ቦልት ትሉት ይሆናል፣ እኛ ቤት መዝጊያ ነው የሚባለው። ውጅግራም ቤልጅግም እንደ በር መቀርቀሪያ ናቸው። እጀታውን ታነሳላችሁ፣ ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ ቀለሁ ይወጣል፤ ጥይት ታጎርሳላችሁ፣ ወደፊት ገፍታችሁ እጀታውን ታወርዳላችሁ፣ ይቆለፋል። ልዩነታቸው መቆለፊያው ላይ ነው። ውጅግራ አንዴ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ የሚይዘውም የእጀታው ሥር ያለው አንድ ብረት ነው። ቤልጅግ አምስት ይጎርሳል፣ የመዝጊያው ፊት ላይ ደግሞ እንደ ሁለት ጆሮ ያሉ ጉብታዎች አሉት፤ ከኋላም ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሦስተኛ አለው። ቃታው ሲሳብ የሚፈነዳውን ኃይል ሁሉ ችለው የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ከኋላቸው ያለው ደግሞ የተኳሹ ዓይን ነው።

ይህ ነገር ሲያረጅ ምን ይሆናል? ያነበብኩትንና የጠየቅሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ አረጀ ከተባለው መዝጊያ ስንቱ የቆሸሸ ብቻ ነው! የድሮው ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ጨው ያለበት አመድ ይተዋል፣ ጨው ደግሞ ውሃ ከአየር ይስባል፣ ያዝገዋል። መድኃኒቱ ፍል ውሃ ነው። ዘይት ጨውን አያጥበውም፣ ውሃ ነው የሚያጥበው። ታጥቦ በደንብ ደርቆ ስስ ዘይት ይቀባል። አያቴ የበግ ሞራ ነበር የሚቀባው። ሞራው በብርድ ይረጋና መርፌውን ይይዘዋል፣ ከዚያ «አልተኩስ አለ» ይባላል። ድስት ላይ የረጋ ሞራ ያጠበ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መሄድ የለበትም።

ታጥቦም ጥይቱ ካልፈነዳ መርፌዋና ሞላው ይታያሉ። መርፌዋ የጥይቱን ቂጥ የምትመታዋ ቀጭን ብረት ነች። ጫፏ ሲያልቅ ምቷ ይደክማል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሞረድ ያሾላታል። የሾለች መርፌ ቂጡን ትበሳዋለች፣ እሳቱም ወደ ኋላ ይመጣል። ትክክለኛዋ ጫፏ ክብ መሆን አለበት፣ ርዝመቷም በልክ። ሞላው ሲደክም ደግሞ የሚለጥጡት አሉ። የተለጠጠ ሞላ ለጥቂት ቀን ይሠራና ይተኛል፤ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው። ቀለሁን የምትጎትተው ጥፍርም እንዲሁ ስትሰበር ቀለሁ ውስጥ ይቀራል፣ በዘንግ መግፋት ግድ ይሆናል። እሷም ትቀየራለች።

እነዚህ ሁሉ ቀላል ናቸው። ከባዱ መቆለፊያው ሲበላ ነው። ጉብታው ሲያልቅ በመዝጊያውና በጥይቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ በዓይን የማይታይ። ጥይቱ ሲፈነዳ ቀለሁ ወደ ኋላ ይሸሽና ይቀደዳል። ፋብሪካ ይህን የሚለካው በሁለት የብረት መለኪያ ነው፦ በአንዱ መዝጊያው መዘጋት አለበት፣ በሌላው ደግሞ መዘጋት የለበትም። በሁለተኛውም ከተዘጋ ያ ጠመንጃ አይተኮስበትም፣ በቃ። የሚጠገነውም መዝጊያውን በሌላ በመቀየርና እንደገና በመለካት ነው። የአያቴ ቤልጅግ መዝጊያ ላይም በርሜሉ ላይም አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈው ለዚህ ነው። አንዱ ለሌላው ተለክቶ የተሰጠ ነው፤ ከጎረቤት ጠመንጃ ተበድሮ ዝም ብሎ አይገባም።

ብየዳውስ? መዝጊያው ውስጡ ለስላሳ፣ ላዩ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። ላዩ እንዳይበላ፣ ውስጡ እንዳይሰበር። በብየዳ እሳት ወይም በቀጥቃጭ ከሰል ሲገባ ያ ጥንካሬ ይሄዳል። ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ይገጥማል፣ ምናልባት አሥር ጊዜ ይተኩሳል። አሥራ አንደኛው ላይ ነው እንግዲህ።

ታዲያ በዚያ ዘመን፣ ምንም መለኪያ በሌለበት፣ በአገራችን የነበረውን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ማን ያስተካክለው ነበር? ምኒልክ ይህ ጥያቄ የገባቸው ይመስለኛል። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ መጀመሪያ ጫማ ሥራ እንዳሉት፣ ቀጥለውም ጠመንጃ ሥራ እንዳሉት ይነገራል። እሱም «መግዛቱ ይረክሳል» ብሎ ተከራከረ፣ አልሆነለትም፣ ሠራ። ብዙዎች ይህን ታሪክ ለሣቅ ያወሩታል። እኔ ግን ንጉሡ የፈለጉት አንዷን ጠመንጃ አይመስለኝም፤ የሚችል እጅ አገር ውስጥ መኖሩን ማየት የፈለጉ ይመስለኛል።

የሚችል እጅ ግን ነበረ። ጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤሎች፣ በሌላውም አገር ቀጥቃጮች ማረሻውንም ጦሩንም ጠመንጃውንም የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ባዶ ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ባሩድና አረር ይሞላ ነበር። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ አገር እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ገንዘብ ሆኖ ይገዛበት ነበር። እንዲህ የሚከበር ዕቃ በእጁ የሚድነው ሰው ግን ራሱ አልተከበረም። «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ተባለ። ቤቱ አይበላም፣ ልጁን አያገቡትም። ጀግናው ጠመንጃውን ሊያስጠግን በቀን ይሄድለታል፣ ማታ ደግሞ ልጆቹን «በዚያ ቤት በኩል አትለፉ» ይላል። እኔም ልጅ ሆኜ ተብያለሁ፣ አልዋሽም።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእጅ ሥራ የሚኖረውን ሰው በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚሠራውን ብለው እየዘረዘሩ ነው የከለከሉት። አድዋ ካለፈ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። አዋጁ ጥሩ ነበር። ስድቡ ግን እኔ እስክወለድ ድረስ ቆየ። አዋጅ ብቻውን ምን እንደሚሠራ እኛ እዚህ ያለን እናውቀዋለን፤ በዚህ አገርም በ2015 የወጣው የ68 ቁጥር የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት ዕረፍት ይሰጣል። ስንቶቻችን ዓርብ እንወጣለን?

ከምኒልክ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን የቤልጅየም መኮንኖችን አስመጡ። ቤልጅግም ከቤልጅየም ፋብሪካ ተገዛ። የአያቴ አባት እንዴት እንዳገኘው ቤተሰቡ ውስጥ ሦስት ዓይነት ወሬ አለ፣ ሁሉም ጀግና የሚያደርገው ስለሆነ አንዱንም አልጽፍም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ ግን ቤልጅግ የያዘው ጥቂት ነው። ሌላው ውጅግራ፣ ስናድር፣ ከአድዋ የተማረከ፣ ሁሉም ዓይነት ይዞ ዘመተ። ጥይቱም የየራሱ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። አርባ ዓመት ሙሉ በሞራ እየተቀባ ሳጥን ውስጥ የኖረ መዝጊያ በዚያን ቀን ስንቱን ጉድ እንደሠራው ማን ይቆጥረዋል። ስለ መርዝ ጋዙና ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መርፌና ሞላ የጻፈ ብዙ ሰው አላየሁም።

ዛሬ ጦር መሣሪያ የሚሠራው የመንግሥት ፋብሪካ ስሙ ጋፋት ነው። የመንደራችን ስም ነው። ደስ ይለኛል፣ የሠራተኞቹ ስም ግን የለበትም።

እዚህ ላይ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል፣ ጋዜጣችን የመረዳጃ ነውና። ብዙ ዲዋንያ ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ይሰቀላል። ይህም አገር የራሱ የጠመንጃ ታሪክ አለው፤ ሼክ ሙባረክ እ.ኤ.አ. በ1900 የጠመንጃ ንግድን የሚከለክል ስምምነት ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት ንግዱ ስለበዛ ነው፣ ጀህራ ያለው ቀይ ምሽግም የ1920ውን ውጊያ ያስታውሳል። ስትወለውሉ ግን የውጩን ብቻ በደረቅ ጨርቅ። መዝጊያውን አትሳቡ፣ ቃታውን አትንኩ፣ አፈሙዙ ፊት አትቁሙ፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ነው ሰው የሚገድለው። አውርዳችሁ ፎቶ አትነሡበት። ፈትታችሁ አጽዱ ብትባሉ «አላውቅበትም፣ እፈራለሁ» በሉ። አደገኛ ሥራ ማሠራት በዚያው በ68 ቁጥር ሕግ የተከለከለ ነው።

የአባቴን ነገር ልጨርስላችሁ። ያነበብኩትን በስልክ ነገርኩት። «አንቺ ኩዌት ተቀምጠሽ ስለ ቤልጅግ ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ዘጋብኝ። ሁለት ሳምንት አልደወለም። በኋላ ደወለና ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለኝ፦ ብየዳ ቤቱ «እሠራዋለሁ» ብሎ ዋጋ ነገረው። ገንዘብ ስላልላክሁ ይረክሳል ብሎ ወደ ሽማግሌው ቀጥቃጭ ወሰደው፣ በልጅነቴ በደጁ እንዳናልፍ የምንከለከለው ሰውዬ ጋ። ሽማግሌው መዝጊያውን ተቀበለው፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው፣ በጥፍሩ ጉብታዎቹን ዳበሰ። «አንደኛው ጆሮ አልቋል። ይሄን እሳት ካገባሁት አንተን ነው የሚበላህ። አልነካውም» ብሎ መለሰለት። ገንዘብም አልተቀበለም።

አባቴ «ታዲያ ቡና አስፈላልኝ፣ ቁጭ ብዬ ጠጣሁ» አለኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ዝም ብሎ ነው።

ተዝካሩ ያለ ተኩስ አለፈ። መዝጊያው በፍል ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ለብየዳው የተጠየቅሁት ገንዘብ የዚህ ወር ዕቁቤ ላይ ገባ።